ማፍላት የማያወጣውን መርዝ ሬዚን እንዴት ያወጣዋል?



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የተሳሳተ መልስ ነው። መልሱን የሰጠሁት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔው ራሴ ነኝ። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት፣ በ6ኛ ክፍል ስለ ውሃ ንጽሕና ሳስተምር «ውሃን አፍልቶና አቀዝቅዞ መጠጣት ከበሽታ ያድናል» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ከቆዳ ፋብሪካው በታች የሚወርደውን ውሃስ ብናፈላው ይጠጣል?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ስለነበር «አዎ፣ በደንብ ከፈላ ምንም አይልም» ብዬ አለፍኩት።

ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ደብተሬን አውጥቼ ሳገላብጥ መልሴ ስሕተት ብቻ ሳይሆን አደገኛም እንደነበረ ተረዳሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገብቼ «ያለፈው መልሴ ልክ አልነበረም፤ ከደብተራችሁ ላይ ሰርዙት» አልኳቸው። ያቺው ልጅ መልሳ «ታዲያ በምን ይወጣል? ከወጣስ በኋላ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ለሁለቱም ጥያቄዎች በቂ መልስ አልነበረኝም። እኛ እጩ መምህራን ነገ በየገጠሩና በየከተማው ስንበተን ይኸው ጥያቄ ለሁላችንም መቅረቡ ስለማይቀር፣ ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ማፍላት ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ማፍላት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለተቅማጥ፣ ለታይፎይድና ለኮሌራ ምክንያት የሚሆኑት ጀርሞች ሕይወት ያላቸው ስለሆኑ ሙቀት ይገድላቸዋል። ክሎሪንም እንዲሁ። ስለዚህ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ አፍልቶ መጠጣትን ማስተማር ግዴታችን ነው።

ነገር ግን እርሳስ፣ ባዜቃ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ሕይወት የላቸውም። ሕይወት የሌለው ነገር እንዴት ይሞታል? በማፍላት አይሞቱም፤ ከውሃው ጋርም ተነው አይወጡም ማለት ይቻላል። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ እነሱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛሉ። በቁጥር እንየው። በ1 ሊትር ውስጥ 0.02 ሚሊግራም እርሳስ ያለበትን 3 ሊትር ውሃ ድስት ላይ ጣድን እንበል። በጠቅላላው ያለው እርሳስ 0.06 ሚሊግራም ነው። ውሃው ፈልቶ 2 ሊትር ሲቀር ያው 0.06 ሚሊግራም እርሳስ በ2 ሊትር ውስጥ ይገኛል። ይኸውም በሊትር 0.03 ሚሊግራም መሆኑ ነው። እናቲቱ ማገዶ ጨርሳ፣ ጭስ ጠጥታ፣ ልጇን ለማዳን ስትል ያፈላችው ውሃ ካልፈላው የባሰ ሆነ ማለት ነው።

በጨርቅ ማጥለልስ? ይህን ለመፈተን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጨው በውሃ በጥብጡና በነጠላ አጥሉት፤ ቀምሳችሁ እዩት። ጨዋማነቱ ከነበረበት ፍንክች አይልም። ምክንያቱም በውሃ የሟሟ ነገር በክር መካከል ቀርቶ በአሸዋ መካከልም ያልፋል። በአንዳንድ አገር ሰዎች የሽፈራው ፍሬ ወቅጠው በደፈረሰ ውሃ ላይ ሲጨምሩ ጭቃው ወርዶ ውሃው ይጠራል። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ሆኖም የጠራ ሁሉ የጸዳ አይደለም። የሟሟ እርሳስ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም።

ከባድ ብረት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከባድ ብረታ ብረት የሚባሉት ክብደታቸው ከመጠናቸው ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ብረቶች ናቸው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር የሚሆን እርሳስ ከ11 ኪሎ በላይ፣ አንድ ሊትር ባዜቃ ደግሞ ከ13 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከእነዚህ መካከል እንደ ዚንክና መዳብ ያሉት በጥቂቱ ለሰውነታችን ያስፈልጋሉ። እርሳስ፣ ባዜቃና ካድሚየም ግን ለሰውነት አንዳችም ጥቅም የላቸውም።

የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ባወጣው መመሪያ መሠረት በ1 ሊትር ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም በላይ እርሳስ፣ ከ0.003 ሚሊግራም በላይ ካድሚየም፣ ከ0.05 ሚሊግራም በላይ ክሮሚየም መኖር የለበትም። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት፣ እያንዳንዱ 10,000 ሊትር የሚይዝ 10 የውሃ ቦቴ መንገድ ዳር ተደርድሯል እንበል። በአሥሩም ቦቴ ውስጥ የተበተነ 1 ግራም እርሳስ ብቻውን ያንን ሁሉ ውሃ የመመሪያው ጣሪያ ላይ ያደርሰዋል። ለእርሳስማ ይህም ቢሆን ጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ድርጅቱ ራሱ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አለ ተብሎ እንደማይታወቅ ይናገራል።

እርሳስ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባ በካልሲየም ቦታ ይተካና አጥንት ውስጥ ይከማቻል። በተለይ በሕፃናት ላይ የአእምሮን ዕድገት ይጎዳል። አንድ መምህር «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ትምህርት አይገባውም» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ልጁ የሚጠጣው ምን እንደሆነ ማሰብ ሊኖርበት ነው ማለት ነው።

በአገራችን ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው የቤቱንም የፋብሪካውንም እጣቢ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በዳርቻቸው ጎመን፣ ሰላጣና ሌላም አትክልት ይመረታል፤ ለከተማው ገበያም ይቀርባል። በወንዞቹ ውሃና ዳር ባለው አፈር ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶችን አግኝተዋል። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ የእሷ ሰፈር ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሬዚን ማለት ሙጫ ነው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሬዚን የሚለው ቃል መነሻው ሙጫ ነው። ከግራር የሚንጠባጠበውን ሙጫ፣ ዕጣንንና ከርቤን ሁላችንም እናውቃለን። ለውሃ ማጣሪያ የሚያገለግለው ሬዚን ግን ከዛፍ የሚለቀም ሳይሆን በፋብሪካ የሚሠራ የፕላስቲክ ዘር ነው። መልኩ ብጫ ወይም ቡናማ፣ መጠኑም የጤፍ ፍሬ ያህል ነው። በእጅ ቢዘገን እርጥብ ጤፍ የተዘገነ ይመስላል።

አብዛኛው ሬዚን የሚሠራው ስታይሪን ከሚባል ነገር ነው። ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ እንዳይሰበር ዙሪያውን የሚደገፍበት ነጭና ቀላል ነገር የዚሁ ዘመድ ነው። ስታይሪን እየተቀጣጠለ ረዥም ሰንሰለት ይሆናል፤ ሰንሰለቶቹን ደግሞ ሌላ ንጥረ ነገር አግድም ያስተሳስራቸዋል። ሸማኔ ድሩን በማግ እንደሚያስተሳስር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሬዚኑ ውሃ ሲገባበት ያብጣል እንጂ አይሟሟም። በድርና በማጉ መካከል ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ስላለ፣ ብረቱ የሚያዘው በፍሬው ውጫዊ ቆዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በሆዱም ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ መምጠጥንና አጣብቆ መያዝን መለየት ያሻል። ስፖንጅ ውሃ ሲመጥ ውሃውን ከነያዘው ነገር ነው የሚመጠው፤ ሲጨመቅም ሁሉንም ይመልሳል። ሬዚን ግን ውሃውን አሳልፎ የሚፈልገውን ብቻ አጣብቆ ያስቀራል። እንዴት አድርጎ ይመርጣል ቢባል፣ በየሰንሰለቱ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው የድኝና የኦክስጅን ቡድኖች ተተክለውበታል። በውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ደግሞ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ነው። ተቃራኒ ቻርጆች እንደሚሳሳቡ የታወቀ ነው።

የክፍል ውስጥ ጨዋታ

ይህን ለልጆች ለማስረዳት ሬዚን መግዛት አያስፈልግም። እኔ ያሰብኩት ጨዋታ የሚከተለው ነው።

አሥር ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው አንድ እጃቸውን ይዘርጉ። እነዚህ ሬዚን ናቸው፤ ከቦታቸው መነሣት አይችሉም። ሌሎች አሥር ልጆች አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ በቀረው እጃቸው የተቀመጡትን አንድ አንድ ይጨብጡ። እነዚህ ሶዲየም ናቸው። አሁን ሁለቱም እጁ ነጻ የሆነ ልጅ ይምጣ፤ እሱ እርሳስ ነው። እርሳሱ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሬዚኖችን በሁለት እጁ ሲይዝ ሁለት ሶዲየሞች ለቀው ይሄዳሉ። አምስት እርሳሶች ሲመጡ አሥሩም ሶዲየሞች ወጥተው ያልቃሉ። እርሳሱ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ከውሃው ጋር የሄደው ሶዲየም ነው። ሬዚኑ ያለ ምትክ የወሰደው ነገር የለም፤ ሰጥቶ ነው የተቀበለው። በዚህም ምክንያት ይህ ሥራ የአዮን ልውውጥ ይባላል።

ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በፋብሪካ ሳይሆን በእርሻ ላይ ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1850 ቶምሰንና ዌይ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የማዳበሪያ አሞኒያ በአፈር ውስጥ ሲፈስ አፈሩ አሞኒያውን አስቀርቶ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ ጽፈው አሳወቁ። በ1935 አዳምስና ሆልምስ የተባሉ እንግሊዛውያን ኬሚስቶች ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ሬዚን አወጡ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዳሌሊዮ የተባለው አሜሪካዊ ከስታይሪን የሚሠራውን አስገኘ። ዛሬ በብዛት የምንሠራበት የዚህ ዓይነቱ ነው።

ሬዚንም ይጠግባል

ጨዋታውን እንቀጥል። አሥሩ ሬዚኖች በሙሉ ሲያዙ ስድስተኛ እርሳስ ቢመጣ የሚይዘው አጥቶ ያልፋል። በሌላ አነጋገር ሬዚኑ ጠግቧል። አንድ ማጣሪያ ትናንት ሠርቷል ማለት ዛሬም ይሠራል ማለት አይደለም። አሳዛኙ ነገር ሬዚን ሲጠግብ ውሃው አይደፈርስም፤ ሽታውም አይለወጥም። ካልተመረመረ በስተቀር ማንም አያውቅም።

ምን ያህል ይይዛል? የተለመደው የዚህ ዓይነት ሬዚን 1 ሊትር የሚሆነው፣ ሁሉም ቦታ ለእርሳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ 207 ግራም ያህል እርሳስ ሊይዝ ይችል ነበር። የውሃው እርሳስ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ነው ብንል፣ ይኸውም የመመሪያው አሥር እጥፍ ማለት ነው፣ ያ አንድ ሊትር ሬዚን ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ማጽዳት ነበረበት። በወረቀት ላይ ሲታይ ደስ ይላል።

ግን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ እርሳስ ብቻውን አይመጣም። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አለው፤ ሳሙና አላረፋ የሚለውና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው በእነሱ ምክንያት ነው። ካልሲየምም እንደ እርሳስ ሁለት እጅ አለው። በሊትር 40 ሚሊግራም ካልሲየም ያለበት ውሃ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ውሃ ከሆነ ያ አንድ ሊትር ሬዚን በ1,000 ሊትር ውሃ ብቻ በካልሲየም ይሞላል። በጨዋታው ሁለት እርሳስና ሃያ ካልሲየም አንድ ላይ ወደ ወንበሩ ልቀቁና እዩት። እርሳስ ከካልሲየም ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥቂቱን ገፍቶ ይገባል፤ ቢሆንም የሬዚኑ ዕድሜ በእጅጉ ያጥራል።

ጥፍር ያለው ሬዚን

ይህን ችግር ለማቃለል ኬሚስቶች የሚመርጥ ሬዚን ሠሩ። በሰንሰለቱ ላይ የሚተከለው ቡድን እንደ ተራው ሬዚን አንድ እጅ ብቻ የሚዘረጋ ሳይሆን፣ ብረቱን ከብዙ በኩል ቆንጥጦ የሚይዝ ነው። እነዚህ ኪሌት ይባላሉ፤ ቃሉም የመጣው የሸርጣን ቆንጣጭ እግር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። በናይትሮጅንና በኦክስጅን የሚቆነጥጠው ሬዚን መዳብንና እርሳስን ከካልሲየም ይልቅ በመቶና በሺህ እጥፍ አብልጦ ይይዛል። ስለዚህ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ውስጥም ቢሆን ጥቂቱን እርሳስ ፈልጎ ያወጣል።

ለባዜቃ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ። ባዜቃ ድኝን እጅግ ይወዳል። ድኝና ሃይድሮጅን ያለበት ቡድን የተተከለበት ሬዚን ባዜቃን ካገኘ አይለቅም። በ1830ዎቹ ዘይዘ የተባለው የዴንማርክ ኬሚስት እንዲህ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ሲያገኝ ስም ያወጣላቸው «ባዜቃን የሚይዝ» ከሚል የላቲን ሐረግ ነበር። መርካፕታን የሚባሉት እነሱ ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው ክሮሚየም ነው፤ የልጅቷም ጥያቄ እሱን ይመለከታል። በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ቆዳው ሁሉን አይወስደውም፤ የተረፈው ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ይህ ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ክሮሚየም ነው። ሌላው ዓይነት ክሮሚየም ስድስት የሚባለው ሲሆን እጅግ የከፋ መርዝና ካንሰር አምጪ ነው። ነገር ግን በውሃ ውስጥ የሚገኘው ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ስለሆነ፣ ቻርጁ በጠቅላላው ኔጌቲቭ ነው። ታዲያ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ሬዚን ኔጌቲቩን ክሮሚየም እንዴት ይይዘዋል? አይይዘውም። አጠገቡ እያለፈ ይሄዳል። ለሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተተከለበት ሌላ ሬዚን ያስፈልጋል። ስለዚህ «ማጣሪያ አለን» ማለት ብቻውን መልስ አይደለም። «ለየትኛው ብረት የሚሆን ማጣሪያ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የሚናማታ ትምህርት

ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ ምን እንደሚያስከትል በጃፓን የሚናማታ ከተማ ታሪክ ያሳያል። በዚያ የነበረው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ አሴታልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ሲያመርት ባዜቃ ይጠቀም ነበር። እጣቢው ወደ ባሕር ወሽመጡ ይፈስ ነበር። ባዜቃው ሜቲል ባዜቃ ሆኖ ዓሣው ውስጥ ገባ። ዓሣውን የበሉ ድመቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ቀጥሎም ሰዎች። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ጤነኛ ከሚመስሉ እናቶች ጭምር አካላቸውና አእምሯቸው የተጎዳ ሕፃናት ተወለዱ። በዚያ አካባቢ ብቻ ከ2,200 በላይ ሰዎች የበሽታው ተጠቂ ናቸው ተብለው በሕግ ታውቀዋል።

ሕዝቡ ሲጮህ ኩባንያው በታኅሣሥ ወር 1959 የእጣቢ ማጣሪያ ተከለ። በምረቃው ዕለት ፕሬዚዳንቱ ተጣራ ከተባለው ውሃ አንድ ብርጭቆ በሰው ፊት ጠጣ። ሰው ሁሉ ችግሩ አለቀ ብሎ አመነ። ኋላ ግን ማጣሪያው በውሃ የሟሟውን ባዜቃ ለማስወገድ ታስቦ የተሠራ እንዳልነበረ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። መርዙ እስከ 1968 ድረስ መፍሰሱን ቀጠለ። ማጣሪያ ነበር፤ ነገር ግን ለሚፈለገው ብረት አልነበረም።

ከወጣ በኋላ የት ይሄዳል?

አሁን ወደ ልጅቷ ሁለተኛ ጥያቄ ደረስን። እኔ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው የሚከብድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የጠገበ ሬዚን አይጣልም፤ ይታደሳል። ተራው ሬዚን ብዙ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ፣ ጥፍር ያለው ደግሞ በአሲድ ይታጠባል። በጨዋታው ሶዲየሞቹ በሙሉ በአንድነት ተግተልትለው መጥተው እርሳሶቹን ከወንበሩ ላይ ሲያስለቅቁ ማለት ነው። ሬዚኑ እንደገና ለሥራ ዝግጁ ሆነ። እርሳሶቹስ? እዚያው ክፍሉ ውስጥ ናቸው እኮ! በሺህ ሊትር ውሃ ተበትኖ የነበረው እርሳስ አሁን በጥቂት ሊትር ማጠቢያ ውስጥ ተጠራቅሟል። ይህንን ማጠቢያ አንዱ ቦይ ውስጥ ቢደፋው፣ ያ ሁሉ ድካም እርሳሱን ሰብስቦ በአንድ ቦታ ለማፍሰስ ሆነ ማለት ነው።

ንጥረ ነገር አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። ሬዚን የሚሰጠን ጥቅም መርዙን ማጥፋት ሳይሆን፣ ልንይዘው በማንችለው ብዙ ውሃ ውስጥ የነበረውን ልንይዘው በምንችለው ትንሽ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሰው ኃላፊነት ነው። ከማጠቢያው ውስጥ ብረቱን አውጥቶ መልሶ ለሥራ ማዋል ይቻላል፤ ካልሆነም ዝናብና ጎርፍ በማያገኘው፣ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ በማይሰርግ ቦታ አሽጎ ማኖር ያስፈልጋል። ሚናማታ ላይ ይህ በጊዜው ስላልተደረገ፣ ከ1977 እስከ 1990 ድረስ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ባዜቃ ያለበት ደለል ከባሕሩ ወለል እየተዛቀና በአፈር እየተሸፈነ 58 ሄክታር ቦታ ተሞልቷል። ባዜቃው ዛሬም ከዚያ መሬት በታች አለ።

ሬዚን ለእኛ አገር ይሆናልን?

ሬዚን ርካሽ አይደለም። ጭቃና ቅባት ያለበት ውሃ ቶሎ ይደፍነዋል። ስለሆነም በደንብ የሚሠራ ፋብሪካ በሬዚን አይጀምርም። በመጀመሪያ እጣቢው ይጠራቀምና ይረጋል። ከዚያ ኖራ ወይም ሌላ አልካሊ ይጨመርበታል፤ የቆዳ ፋብሪካውም ክሮሚየም በአብዛኛው በዚህ ጊዜ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ዝቃጩን በአሲድ አሟሙቶ ክሮሚየሙን መልሶ ቆዳ ለማልፋት መጠቀም ስለሚቻል ፋብሪካው ራሱ ይጠቀማል። ሬዚን የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ከኖራው ያመለጠውን ጥቂቱን ለመልቀም ነው። በእኛ ቤት አባባል ኖራው መጥረጊያ፣ ሬዚኑ ወልዋይ ነው።

ሌሎችም አጣባቂ ነገሮች አሉ። ተዘጋጅቶ ቀዳዳው የበዛ ከሰል አንዱ ግራም በውስጡ ከ500 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ገጽ አለው፤ ቀለምንና ሽታን በደንብ ይይዛል፤ ለሟሙ ብረቶች ግን ከሬዚን ያንሳል። በስምጥ ሸለቆአችን ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ለመያዝ የተቃጠለ አጥንት ከሰል በሥራ ላይ ውሏል። ፍሎራይድ ከባድ ብረት ባይሆንም ዘዴው የአንድ ቤተሰብ ነው።

ለክፍል ሙከራ የሚሆን ከሰል ከየቤቱ ይገኛል። የተቆረጠ የላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥጥና የተወቀጠ ከሰል አድርጋችሁ፣ ጥቂት ቀለም የተጨመረበትን ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበት። የሚወርደው ውሃ ሲጠራ ልጆቹ ይደነቃሉ። ነገር ግን ያንን ውሃ እንዳይጠጡት አጥብቃችሁ ንገሯቸው። እየደጋገማችሁ ስታፈሱ ደግሞ ከሰሉ ጠግቦ ቀለሙ ማለፍ ሲጀምር አሳዩአቸው። ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነውና።

ለልጆች ምን እንበል?

ከላይ የተዘረዘረውን ሁሉ በ6ኛ ክፍል ማስተማር አይቻልም። ሦስት ነገር ግን ይቻላል።

አንደኛ፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ብረት አያወጣም። ሁለቱን አንድ ላይ አናስተምር። ከፋብሪካ፣ ከጋራዥ ወይም ከቆሻሻ መጣያ በታች የሚወርድ ውሃ ቢፈላም ባይፈላም አይጠጣም፤ ከሌላ ምንጭ መቀዳት አለበት።

ሁለተኛ፤ ማጣሪያ ሁሉ ለሁሉ አይሆንም። የሸክላው ማጣሪያ ለጀርም፣ ሬዚኑ ለተሠራለት ብረት ነው። ሠርቷል የሚባለውም ውሃው ሲመረመር እንጂ በዓይን ሲታይ ወይም አንድ ሰው ሲጠጣው አይደለም።

ሦስተኛ፤ መርዝ ከውሃ ወጣ ማለት ከአገር ወጣ ማለት አይደለም። ቀላሉ መንገድ ከመጀመሪያው ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ፋብሪካው በር ላይ፣ ጥቂት ሊትር ሳለ የሚያዘው ክሮሚየም ወንዝ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ድሃዋ እናት በድስቷ አታወጣውም።

ያቺን ልጅ የልምምዱ ጊዜ ከማለቁ በፊት አግኝቼ ይህንኑ ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ጥያቄው ለእናቴ ሳይሆን ለፋብሪካው ነዋ!» አለችኝ። እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ ልናገር የሞከርኩትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ውድ ጓደኞቼ፤ መምህር ሁሉን ማወቅ አይችልም። ያላወቀውን «አላውቅም፤ አንብቤ እመጣለሁ» ማለት ግን ይችላል። እኔ ያን ዕለት እነዚህን ቃላት ብል ኖሮ፣ ከሃምሳ በሚበልጡ ደብተሮች ላይ የሚሰረዝ መስመር ባልኖረ ነበር።